የብዙ ሞዴል ፈንክሽን ምንድን ነው?

የብዙ ሞዴል ፈንክሽን የሚባለው፣ አንድን ጉዳይ በየራሳቸው ስልት የሚያሰሉ የሲሙሌሽን ሞዴሎችን (የእውኑን ዓለም ሂደት በስሌት የሚያስመስሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን) በአንድ ትእዛዝ የሚያስነሳ፣ ለሁሉም ተመሳሳይ ግብዓት የሚሰጥና ውጤታቸውን ለንጽጽር በሚመች አንድ ሰንጠረዥ የሚሰበስብ የሶፍትዌር ክፍል ነው። ባለሙያውን ሞዴሎቹን በየተራ እየከፈተ ፋይል ከመገልበጥ ይገላግለዋል፤ ይህ ግን ከጥቅሙ ትንሹ ነው።

የሐዋሳን ሐይቅ እንውሰድ። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝና በዝናብ የሚገባው ውሃ በትነትና በስርገት ከሚቀነሰው ሲበልጥ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ይህም በዳርቻው ለሚኖረው የከተማዋ ሰው ስጋት ነው። የወንዙን ፍሰት ለመገመት በስዊድን የተሠራውን ኤችቢቪ የተባለ ሞዴል ወይም በአሜሪካ የተሠራውን ስዋት የተባለውን መጠቀም ይቻላል። ሁለቱ የአፈርን እርጥበት የሚያሰሉበት መንገድ ስለሚለያይ ከአንድ ዝናብ ተነሥተው የተለያየ ፍሰት ቢሰጡ አያስገርምም።

የፈንክሽኑ ከባድ ሥራ ውጤቶቹን ማጣጣም ነው። አንዱ ሞዴል ፍሰቱን በሜትር ኩብ በሰከንድ፣ ሌላው በተፋሰሱ ላይ በተሰራጨ ሚሊ ሜትር ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት፣ ሌላው የዝናብ መለኪያው ከሚነበብበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊጀምር ይችላል። የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ የሚገባ ውሃ በቀን 86,400 ሜትር ኩብ ሆኖ ደረጃውን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያነሣዋል፤ በሞዴሎች መካከል ያለ የጥቂት ሜትር ኩብ ልዩነት ክረምቱን ሙሉ ሲጠራቀም ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ከተጣጣሙ በኋላ አማካይ ወይም መካከለኛ ዋጋ (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ይወሰዳል፤ አለዚያም ቀድሞ ከተለካው ፍሰት ጋር ይበልጥ ለተስማማው ሞዴል ከፍ ያለ ክብደት ይሰጣል። አማካይ ግን ለጎርፍ አይታመንም። አንዱ ሞዴል ከፍተኛውን ፍሰት ማክሰኞ፣ ሌላው ረቡዕ ቢያሳይ፣ አማካዩ ከሁለቱም ከፍታ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ማስጠንቀቂያ የሚጠብቀውን ሰው ያዘናጋዋል ማለት ነው። በእኔ ግምት የሞዴሎቹ አለመስማማት ራሱ ከአማካዩ ያላነሰ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ 27 የስንዴ ሞዴሎችን ጎን ለጎን አስኪዶ የአየር ንብረት ለውጥ በምርቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የተነበየ ጥናት ትንበያውን ይበልጥ ያለያየው የአየር ንብረት ሞዴሎቹ ሳይሆን የሰብል ሞዴሎቹ ልዩነት መሆኑን ያሳየው፣ የእያንዳንዱ ውጤት ለየብቻ ስለተያዘ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ፈንክሽን አማካዩን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን አይጥልም፤ አንድ ሞዴል መሃል ላይ ቢቆምም በቀሩት አማካይ አይሸፋፍነውም፣ ቦታውን ባዶ ትቶ የትኛው ሞዴል በየትኛው ቀን እንደቆመ ይመዘግባል።