ፓተርን ምንድን ነው? ለአሸዋ ሞልድ የሚዘጋጀው ሞዴል

ፓተርን ማለት ከቀለጠ ብረት ሊሠራ የታሰበውን ዕቃ መልክ ይዞ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሌላ ብረት አስቀድሞ የሚዘጋጅ ሞዴል ነው። ሞዴሉ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እርጥበት ያለው አሸዋ ዙሪያውን ይጠቀጠቅበታል፤ ከዚያ ሲነሣ የሚተወው ባዶ ቦታ ሞልድ ይሆናል፤ በዚያ ቦታ የፈሰሰው ብረት ሲረጋም ዕቃውን ይሰጣል። በቤቱ ጓሮ አልሙኒየም ማቅለጥ የሚጀምር ሰው ሐሳቡን ሁሉ ምድጃው ላይ ማድረጉ የተለመደ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሚበላሹት ሥራዎች ብዙዎቹ ከሰል ሳይቀጣጠል በፊት፣ ፓተርኑ ሲቆረጥ ነው የተበላሹት፤ ምክንያቱም ፓተርኑ ዕቃውን ከመምሰሉ እኩል፣ አሸዋውን ሳያፈርስ መውጣት መቻል አለበት።

በአገራችን መስቀል የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የሰም ዘዴ ይህ ጣጣ የለበትም። ሰሙ በጭቃ ተለብጦ ሲሞቅ ቀልጦ ስለሚወጣ፣ ሐረጉ የቱንም ያህል የተጠላለፈ ቢሆን ሞዴሉ በየት በኩል ይውጣ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ዋጋው ለእያንዳንዱ መስቀል አዲስ ሰም መቅረጽ ነው። የአሸዋው ፓተርን ግን ሳይሰበር ወጥቶ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ለዚህም ሲባል ቅርጹ ለአሸዋው ጠባይ መገዛት ግድ ይሆንበታል።

ነገሩን በአንድ ዕቃ እንመልከተው። ለአነስተኛ ወፍጮ የሚሆን፣ ዲያሜትሩ 150 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ የቺንጋ ፑሊ ከአልሙኒየም ማውጣት ተፈለገ እንበል። ፑሊው ከአሸዋ ከወጣ በኋላ በቶርኖ (ዕቃን እያሽከረከረ በሚልጥ ማሽን) ስለሚላጭ በየፊቱ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ይተውለታል፤ ስለዚህ ዲያሜትሩ 156፣ ውፍረቱ 46 ይሆናል። አልሙኒየም ከረጋ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በርዝመቱ 1.3 በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር፣ ፓተርኑ በዚያው መጠን መተለቅ አለበት፤ 156 ወደ 158፣ 46 ደግሞ ወደ 46.6 ከፍ ይላል። ለግራጫ ብረት (ካስት አይረን) ትርፉ 1 በመቶ፣ ለነሐስ 1.5 በመቶ፣ ለስቲል 2 በመቶ ገደማ ነው። የድሮ ፓተርን ሠሪዎች ይህን ስሌት በየልኬቱ ላለመድገም፣ ምልክቶቹ በመኮማተሩ መጠን የተራራቁበት ልዩ ማስመሪያ ይጠቀሙ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ዝንባሌ ነው። የፓተርኑ ጎን ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ወደ ላይ ሲሳብ ከታች እስከ ላይ አሸዋውን እየፋቀ ይወጣል፤ ጠርዙም ይናዳል። ጎኑ ጥቂት ዘመም ካለ ግን የመጀመሪያዋን ሚሊሜትር ከፍ እንዳለ ከአሸዋው ጋር ያለው ንክኪ ሙሉ በሙሉ ይለቃል። ለውጭ ጎን 2 ዲግሪ ይበቃል። በእኛ ፑሊ ላይ ይህ ማለት በ46.6 ሚሊሜትር ቁመት በየጎኑ 1.6 ሚሊሜትር መስፋት ነው፤ ስለዚህ የታችኛው ፊት 158 ሲሆን የላይኛው ከ161 በጥቂቱ ያልፋል። ክብደት ለመቀነስ በአንደኛው ፊት፣ በእምብርቱና በጠርዙ መካከል ጎድጎድ ያለ ቀለበት ቢሠራለት፣ በዚያ ውስጥ የሚቆመው አሸዋ እንደ ግድግዳ ብቻውን ስለሚቀር በቀላሉ ይሰበራል፤ እዚያ ዝንባሌው 3 ወይም 4 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል።

ቺንጋው የሚገባበት ቦይስ? እርሱ በፓተርኑ ላይ ጨርሶ አይቀረጽም። ቦዩ በዙሪያው በጎን በኩል ስለሚገባ፣ አሸዋ ሞልቶበት ፓተርኑን ወደ ላይም ወደ ታችም አያስወጣውም። ጀማሪዎች የተጠናቀቀ አሮጌ ፑሊ አንሥተው በቀጥታ አሸዋ ውስጥ ሲቀብሩ የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው። ቦዩ በቶርኖ ይውጣ፤ የሻፍቱም ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ በመሰርሰሪያ ይበሳ። ሰፊ ቀዳዳ ሲያስፈልግ ብቻ ኮር የሚባለው የደረቀ የአሸዋ ዘንግ ተሠርቶ ሞልዱ ውስጥ ይቆማል፤ ፓተርኑም ኮሩ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ የሚፈጥር ጉብታ ይጨመርለታል። ለኮር አሸዋ ማያያዣነት ሲያገለግል የኖረው የተልባ ዘይት መሆኑን ስነግራቸው የሚገረሙ ሰዎች አሉ፤ አሸዋው በዘይቱ ታሽቶ በምድጃ ሲጋገር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን መልካም ነው፤ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ በኮላ ደራርቦ ማጣበቅም ይሠራል። ዋናው ጉዳይ የፊቱ ልስላሴ ነው። የውስጥ ማዕዘኖች በስቱኮ ተሞልተው ክብ መሆን አለባቸው፤ ስለት ያለው ማዕዘን አሸዋውን ከመስበሩም በላይ፣ ብረቱ ሲኮማተር የሚሰነጠቀው በዚያ ነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ተላልጎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባል። ያልተቀባ እንጨት ከአሸዋው እርጥበት ይስባል፤ ያብጣል፤ አሸዋውም ይጣበቅበታል። በስሪ ዲ ፕሪንተር የታተመ ፓተርንም ያው ነው፤ በጎኑ ያሉት ደቃቅ መስመሮች ካልተሞሉ አሸዋውን እንደ ሞረድ ይፍቁታል።

አሸዋው ደቃቅና በወንፊት የተነፋ ሲሊካ ሆኖ፣ አያያዡ ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ ነው። ለ20 ኪሎ አሸዋ 2 ኪሎ ቤንቶናይትና ከአንድ ሊትር ያነሰ ውኃ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ልኩን የሚነግር ቀላል ፈተና አለ፤ አንድ እፍኝ ተጨብጦ ሲለቀቅ የጣቶቹ አሻራ ጥርት ብሎ መታየት፣ ለሁለት ሲሰበር ፍርካሹ ጥርት ያለ መሆን፣ መዳፍም ሳይረጥብ መቅረት አለበት። የሚፈረፈር ከሆነ ደርቋል፤ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውኃው በዝቷል። የውኃ መብዛት ከሁሉ ይከፋል፤ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,600 ጊዜ ገደማ ስለሚጨምር፣ የተጠራቀመ እርጥበት ላይ የወደቀ የቀለጠ ብረት ይፈነዳል። ባዶ ኮንክሪት ላይ ማፍሰስ የተከለከለውም በውስጡ ባለው እርጥበት የተነሣ ነው፤ የደረቀ አሸዋ ማንጠፍ ይገባል። የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ይጎዳልና፣ ደረቁን አሸዋ ሲያቦኩ ማስክ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሞልዱ የሚሠራው ክዳንም ወለልም በሌላቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ በሚገጥሙ ሁለት ሳጥኖች ነው። ፓተርኑ ሰፊ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በጣውላ ላይ ይቀመጣል፤ የታችኛው ሳጥን ተደፍቶበት፣ ታልክ ፓውደር ተነስንሶ፣ መጀመሪያ በወንፊት የተነፋ አሸዋ ጣት በሚያህል ውፍረት ይለብሳል። መጠቅጠቅ የሚጀመረው ከሳጥኑ ጠርዝ ነው። ሳጥኑ ሲገለበጥ የፑሊው ሰፊ ፊት ከአሸዋው እኩል ሆኖ ይታያል፤ እንደገና ታልክ ተነስንሶ የላይኛው ሳጥን ይሞላል። ብረቱ የሚገባበት ቀዳዳ ከፑሊው ራቅ ብሎ ይወርድና በአጭር ቦይ ከጠርዙ ጋር ይገናኛል። ብረት ሲረጋ መጠኑ ስለሚያንስ፣ መጨረሻ የሚረጋው ወፍራሙ እምብርት ከሌላ ቦታ ካልተመገበ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ከእምብርቱ በላይ ሰፋ ያለ መጋቢ ጉድጓድ ይተዋል።

ከዚያ የላይኛው ሳጥን ተነሥቶ፣ በፓተርኑ መሐል ቪቴ ይታሰራል፤ ቪቴው በአራቱም አቅጣጫ ቀስ ብሎ ሲኮረኮር በአሸዋውና በእንጨቱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ይታያል። ያኔ ብቻ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። እስከዚህ ዝንባሌው በወረቀት ላይ ቁጥር ነበር፤ ልክ ከሆነ ፓተርኑ ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ካልሆነ ጠርዙ አብሮት ይመጣል።

አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የሚፈሰው ግን ከ700 እስከ 750 ባለው መካከል ነው። ለዚህ ሥራ የአሮጌ ፒስተንና የካምቢዮ ቤት ብረት ተመራጭ ነው፤ ሲሊከን ስላለበት በደንብ ይፈስሳል። የመስኮት ፍሬምና የለስላሳ ቆርቆሮ አይመከሩም። ከማፍሰስ በፊት የላይኛው ሳጥን ላይ ክብደት መጫንን ብዙዎች ችላ ይሉታል፤ ሆኖም 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የቀለጠ አልሙኒየም በዚህ ፑሊ ፊት ላይ ወደ 5 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ሳጥኑን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ግራጫ ብረት ሲሆን 14 ኪሎ ይደርሳል። ሳጥኑ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ካለ ብረቱ በመጋጠሚያው ይፈስሳል።

ሥራው ሲያልቅ ፓተርኑ አቧራው ተጠርጎ፣ ለየትኛው ብረት እንደተሰላ በላዩ ተጽፎበት ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ለአልሙኒየም በተሠራው የፑሊ ፓተርን ግራጫ ብረት ቢፈስስበት ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር ስለሆነ ቶርኖው ይልጠዋል፤ 600 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ዕቃ ላይ ግን ልዩነቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ያኔ የብሎን ቀዳዳዎች አይገጥሙም።