የነርቭ ጉድለት ነጥብ ምንድን ነው?

አዲስ የስትሮክ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት እንስሳት ላይ ይሞከራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይጥ ላይ። አይጧ ግን «ግራ እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብላ አትናገርም። ስለዚህ ተመራማሪው አኳኋኗን አይቶ ጉዳቷን በቁጥር ያሰፍራል። ይህ ቁጥር ነው የነርቭ ጉድለት ነጥብ የሚባለው።

መጀመሪያ ስትሮኩ እንዴት ይፈጠራል? አይጧ በማደንዘዣ ትተኛለች። ከዚያ ቀጭን የናይለን ክር በአንገቷ ደም ቅዳ ገብቶ ወደ አንጎሏ ይገፋል፤ እዚያም የመካከለኛውን የአንጎል ደም ቅዳ መነሻ ይዘጋል። ይህ ቧንቧ የተመረጠው ሰውም ላይ ስትሮክ በብዛት የሚደርሰው እዚሁ ስለሆነ ነው።

ነጥብ አሰጣጡ ብዙ ዓይነት ነው። በሰፊው የሚሠራበት ሎንጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ነው። የተዘጋው የቀኝ አንጎል ደም ቅዳ ነው እንበል። አይጧ ምንም ጉድለት ካልታየባት 0 ነው። የግራ የፊት እግሯን በደንብ መዘርጋት ካቃታት 1፣ ስትሄድ ወደ ግራ ከዞረች 2፣ ወደ ግራ ከወደቀች 3። በራሷ መራመድ ካልቻለችና ከደነዘዘች ደግሞ 4። የቀኙ አንጎል የግራውን አካል ስለሚያዝ ጉዳቱ በተቃራኒው በኩል ይታያል።

ይህ መለኪያ ቀላልና ፈጣን ነው። ስትሮኩ በእርግጥ መድረሱን ለማረጋገጥ ይበቃል። መድኃኒት መሥራቱን ለመመስከር ግን አይበቃም ባይ ነኝ። አይጥ ቶሎ ታገግማለች። ሰፊ የአንጎል ክፍል ሞቶባት እንኳ በቀናት ውስጥ ደህና ትራመዳለች። ስውሩን ጉድለት ለማውጣት ረቀቅ ያለ ፈተና ያስፈልጋል። አንዱ መዳፎቿ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት መለጠፍ ነው። ወረቀቱን ለማስተዋል ስንት ሰከንድ ፈጀባት? ለማንሳትስ? የመጀመሪያው ስሜቷን፣ ሁለተኛው የእጇን ቅልጥፍና ይለካል።

የአንጎሉ ጉዳት ራሱ የሚለካው በሌላ መንገድ ነው። አንጎሉ ወጥቶ በስሱ ይቆራረጥና ቲቲሲ በሚባል ኬሚካል ይነከራል። በሕይወት ያለው ክፍል ይቀላል፤ የሞተው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የተጎዳው አንጎል ያብጣል፣ ነጩም ከእውነተኛው ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ ነጩን ብቻ አይለካም። ከጤነኛው ንፍቀ አንጎል ስፋት ላይ በተጎዳው በኩል የተረፈውን ቀይ ይቀንሳል።

ሁለቱ ልኬቶች ሁልጊዜ አይገጥሙም። ትንሽ ቁስል የእንቅስቃሴ መስመር ላይ ካረፈ ከባድ ሽባነት ያመጣል። ትልቁ ሌላ ቦታ ካረፈ ደግሞ ብዙም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ብቻ የለካ ጥናት ግማሹን ነው የሚነግረን።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነጥብ ሰጪው ነው። «ትንሽ ዞረች» ወይም «አልዞረችም» የሚለው የዓይን ፍርድ ነው። የትኛዋ አይጥ መድኃኒቱን እንደወሰደች የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ሊያዳላ ይችላል። ኤንኤክስዋይ-059 የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የታተመው ትልቅ የሰው ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። በኋላ የእንስሳቱ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ አንድ ነገር ወጣ። እንስሳቱ በዕጣ በተመደቡባቸውና ውጤቱን የሚለካው ሰው ምድባቸውን በማያውቅባቸው ጥናቶች፣ የመድኃኒቱ ጥቅም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነበር።