እምቦጭና ጀልባ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የመዝናኛ ውሃዎች የወራሪ አረም ቁጥጥር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብና በስተደቡብ ምሥራቅ ጀልባ የሚንሳፈፍባቸው ውሃዎች ጥቂት ናቸው። ከአቃቂ ቃሊቲ ወጣ ሲባል የአባ ሳሙኤል ግድብ ያቆረው ሐይቅ አለ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቢሾፍቱ ከነሐይቆቿ ትገኛለች፤ ሞጆን አልፎ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ቆቃ ይቀበለዋል። ዓሣ አስጋሪው፣ ቅዳሜና እሑድ እንግዳ አሳፍሮ ጉማሬ የሚያሳየው ባለ ጀልባ፣ ከሆቴል ዳርቻ ተነሥቶ ካያክ የሚቀዝፈው ወጣት ሁሉ የሚጋሯቸው ውሃዎች ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ወራሪ የውሃ አረም ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ስም እምቦጭ ነው።

እምቦጭ በሳይንሳዊ ስሙ ፖንቴዴሪያ ክራሲፐስ የሚባል፣ ቀድሞ ኤይኮርኒያ ክራሲፐስ በሚል ስም ይታወቅ የነበረ፣ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ተክል ነው። ሥሩ መሬት ሳይነካ ይንሳፈፋል። አንዱን ነቅሎ በእጁ ለያዘ ሰው የመንሳፈፉ ምስጢር ወዲያው ይገለጥለታል፤ የቅጠሉ አገዳ እንደ ትንሽ ቅል ያበጠ ሲሆን፣ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ነው። ከታች እንደ ላባ የተበተነ፣ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሐምራዊ ሥር ይንጠለጠላል፤ ሲወጣም ጭቃውንና ትናንሽ ቀንድ አውጣዎችን ይዞ ነው። ተክሉ ወደ ጎን ቀጭን ሐረግ ይዘረጋና በሐረጉ ጫፍ ላይ ሌላ ተክል ያበቅላል፤ ሐረጉ ቢበጠስም እናትየዋና ልጅየዋ በየፊናቸው መኖር ይቀጥላሉ። ሙቀትና ምግብ ከተመቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ፈካ ያለ ሐምራዊ አበባ ያብብና ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። አበባው ውብ መሆኑ አይካድም፤ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ብዙ የዓለም ክፍሎች የተዛመተውም ሰዎች ለኩሬ ማስጌጫ ብለው በገዛ እጃቸው ወስደውት ነው።

በኢትዮጵያ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የቆቃ ግድብ ከተጠናቀቀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ስሙን በደንብ የሰማው ግን አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ በኋላ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬ ድረስ እምቦጭን የጣና ጣጣ ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ጉዳዩ ከዚያ ይልቅ የቀረበ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጡት ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከግድቡ የሚወጣው ውሃ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወርዶ ቆቃ ይገባል። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከፋብሪካ፣ ከቄራና ከማሳ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ማረፊያው እነዚህ ሁለት ሐይቆች ናቸው። አረሙ የሚታየው ከታች ነው፤ ቀለቡ የሚሰፈርለት ግን ከላይ ነው። አባ ሳሙኤል ከዚህ ሌላ የደለልም ሰለባ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኃይል ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ደለል የሞላውና ጥልቀቱ ያነሰ ዳርቻ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ፀሐይ ያገኛል፤ ተኝቶ የከረመው የእምቦጭ ዘር የሚበቅለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ጀልባን በተመለከተ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። የሞተር ጀልባ ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ ውስጥ ሲገባ ሐረጉና ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ ላይ አንሥቶ፣ በቢላ እየቆረጠ እስኪያላቅቀው ድረስ ጉዞው ይቆማል። ከዚህ የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ስለሆነ፣ የመሳቢያው ቀዳዳ በቅጠልና በሥር ቁርጥራጭ ከተደፈነ ሞተሩ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያለው ነጂ ከሞተሩ ኋላ የሚወረወረውን ቀጭን የውሃ ክር እየዞረ ይመለከታል፤ ክሩ ከቀጠነ ወይም ከተቋረጠ ሞተሩን ወዲያው ያጠፋል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባም ቢሆን አያመልጥም፤ መቅዘፊያው ውሃ መግፋቱን ትቶ አረም ማንሣት ይጀምራል። ነፋስ ሌላው ፈተና ነው። እምቦጭ ተንሳፋፊ ስለሆነ ጠዋት ወለል ብሎ የታየ መውጫ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሊዘጋ ይችላል፤ መንገደኛ አሳፍሮ ወደ መሐል የገባ ሰው በመመለሻው አረንጓዴ ሜዳ ይጠብቀዋል። ከሽፋኑ ሥር ኦክስጅን ስለሚያንስ ዓሣ ይሸሻል፤ ትንኝና የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣም መጠለያ ያገኛል።

ጀልባው ግን ተጎጂ ብቻ አይደለም፤ ተሸካሚም ነው። ከቆቃ ወጥቶ በመኪና ተጭኖ ሌላ ሐይቅ የሚገባ ጀልባ፣ በሞተሩ አንገት ላይ የተጠመጠመች አንዲት ሐረግ፣ በመረቡ ውስጥ የቀረች ቡቃያ ወይም በወለሉ ጭቃ ውስጥ ያለ ዘር አዲስ ወረራ ለመጀመር ይበቃዋል። በኒውዚላንድና በብሪታንያ ባለ ጀልባዎችና ዓሣ አጥማጆች ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት «ፈትሽ፣ አጽዳ፣ አድርቅ» በሚል መመሪያ ይመራሉ፤ ይህም ለእኛ ሁኔታ የሚስማማ ነው። ጀልባው ከውሃው እንደ ወጣ ሆዱ፣ ፕሮፔለሩ፣ መልህቁና ገመዱ በእጅ ይዳሰሳል፤ በውስጡ የቀረው ውሃ እዚያው ሐይቅ ዳር ይደፋል፤ መረብና የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በፀሐይ ይሰጣል። የሚለቀመው አረም ተመልሶ ውሃ ውስጥ መጣል የለበትም። ሥራው የአሥርና የአሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ የረከሰው ይኸው ሆኖ ሳለ ተግባራዊ ሲሆን የሚታየው በጣም አልፎ አልፎ መሆኑ ይገርማል።

አረሙ አንዴ ከገባ በኋላ በአገራችን በብዛት የሚሠራበት ዘዴ በእጅ ማስወገድ ነው። ሰዎች ከወገባቸው በታች ውሃ ውስጥ ገብተው በመንሽና በእጅ እየጎተቱ ያወጡታል፤ ጠለቅ ባለው ላይ ደግሞ ጀልባ ውስጥ ሆነው በገመድ ከበው ወደ ዳር ይስቡታል። ሥራው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ የተክሉ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ በመሆኑ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን በአንድ ሄክታር ላይ ከ300 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ከዚህ የተነሣ የሚጎተተው በአብዛኛው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። የዘመቻው ወቅት ከሰው ብዛት የበለጠ ዋጋ አለው። አበባው ዘር ከመጣሉ በፊት የተነቀለ አንድ ቶን፣ ዘር ከጣለ በኋላ ከሚነቀል ብዙ ቶን ይሻላል። በክረምት ጎርፍ ከላይ እየገፋ ስለሚያመጣው መስከረምና ጥቅምት የመልቀሚያ ወራት ናቸው፤ ከጥር እስከ ግንቦት ውሃው በሚሸሽበት ጊዜ ደግሞ በጭቃው ላይ የሚወጡትን ቡቃያዎች በእግር እየዞሩ መንቀል ቀላል ነው። ቆቃ ላይ ጉማሬና አዞ ስላሉ ወደ ጥልቁ የሚገባ ሠራተኛ ያለ ጠባቂ ጀልባ መግባት አይኖርበትም።

ለጀልባ መናኸሪያ ልዩ ጥቅም ያለው ተንሳፋፊ አጥር ነው። ባዶ ጀሪካኖች አፋቸው ተከድኖ በረጅም ገመድ ይደረደራሉ፤ ከሥራቸው መረብ ይንጠለጠላል፤ ጫፎቹም በዳር ባለ ችካልና በውሃ ውስጥ ባለ ድንጋይ ይታሰራሉ። ነፋስ የሚገፋው አረም አጥሩ ላይ ይከማቻል፤ የተከማቸውንም ከአንድ ቦታ ማውጣት ይቀላል። አጥሩ ሐይቁን አያጸዳም፤ መውጫውን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ለጀልባ መዝናኛ ግን በቂው ይህ ነው፤ ሙሉ ሐይቅ ለማጽዳት ተነሥቶ በመሐል ከመድከም ይልቅ የመውጫውንና የጉዞ መስመሩን ንጽሕና ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ የተሻለ ውጤት አለው።

ማጨጃ ማሽኖች ጣና ላይ ተሞክረዋል። ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥልቅ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ደለል በሞላው የአባ ሳሙኤል ዳርቻ ላይ የማሽኑ ሆድ ጭቃ ይነካል። እየቆራረጡ የሚበትኑት ዓይነቶች ደግሞ ቁርጥራጩ ካልተለቀመ ሥራውን ያበዙታል።

ኬሚካል፣ ለምሳሌ ግላይፎሴትና ቱ ፎር ዲ፣ አረሙን ይገድላል። የሞተው አረም ግን ወደ ታች ሰምጦ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከአቃቂና ከአዋሽ ውሃ የሚጠጣ ከብት፣ የሚጠጣ ሰውና የሚለማ አትክልት ባለበት ተፋሰስ ደግሞ የሚረጨው መርዝ ማረፊያው የት እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው። ለመዝናኛ ውሃ የማይመከር ዘዴ ነው።

ትዕግሥት ለሚጠይቀው ሥነ ሕይወታዊ ዘዴ የሚጠቀሰው ምሳሌ የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ኒዮኬቲና የተባሉ ሁለት የነቀዝ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በኡጋንዳ በኩል ተለቀው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ በከፍተኛ ደረጃ ቀንሶ ነበር፤ በ1997 እና በ1998 የነበረው የኤልኒኖ የአየር ጠባይም አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይነገራል። ነቀዞቹ ቅጠሉን ይፍቃሉ፤ እጫቸው ደግሞ አገዳውን ሰርስሮ ውሃ ያስገባበታል፤ ተክሉም ይሰምጣል። በኢትዮጵያም ከኡጋንዳ መጥተው ጥናት ተደርጎባቸዋል። ብርድ የነቀዞቹን እድገት ስለሚያዘገየው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለው አባ ሳሙኤል ይልቅ ዝቅና ሞቅ ያለው ቆቃ የሚመቻቸው ይመስላል። ስለ ሥነ ሕይወታዊ ዘዴ ሲነሣ አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1910 የሉዊዚያናው የምክር ቤት አባል ሮበርት ብሩሳርድ፣ ጉማሬ ከአፍሪካ መጥቶ በአሜሪካ ወንዞች ያለውን እምቦጭ እንዲበላ፣ ሥጋውም ለሕዝብ እንዲቀርብ የሚል ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ሕጉ አልጸደቀም። ጉማሬና እምቦጭ አብረው የሚኖሩበትን ቆቃን ቢያዩት ኖሮ ምናልባት ሐሳቡን ራሳቸው ይተዉት ነበር።

የወጣው አረም ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በአባ ሳሙኤል ከሌላው ቦታ ይለያል። እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን በሥሩ ይስባል፤ የቆዳ ፋብሪካና የሌሎች ኢንዱስትሪዎች ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ውሃ ደግሞ ክሮሚየምና እርሳስ እንዳሉ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ስለዚህ ከዚህ ሐይቅ የወጣን እምቦጭ ሳይመረመር ለከብት መኖ መስጠት ወይም ኮምፖስት አድርጎ በጎመን ማሳ ላይ መበተን፣ ወንዙ ያወረደውን መርዝ መልሶ ወደ ገበታ ማውጣት ይሆናል። የሚሻለው ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ ላይ አድርቆ ማቃጠልና አመዱን መቅበር ነው። በሐይቁ አፋፍ ላይ የተከመረ እርጥብ እምቦጭ እስኪደርቅ ድረስ እንደ ሕያው ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውሃው ሊመልሰው ይችላልና።

ሌላው ጥንቃቄ ባዕዱን ከአገሬው መለየት ነው። ፊላና ደንገል ምንም እንኳ የጀልባ መንገድ ቢያጠቡ፣ ደለል ያስቀራሉ፣ የሚፈሰውን ውሃ ያጣራሉ፣ ለወፎችም ጎጆ ይሆናሉ፤ በተለይ የአቃቂ ረግረግ የአውሮፓን የብርድ ወራት ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት በመሆኑ፣ በጽዳት ዘመቻ ስም ሁሉንም አረንጓዴ ነገር መመንጠር ስሕተት ነው። ለጀልባ የሚያስፈልገው ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ይከፈታል።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሁኔታ ከላይ ከተጠቀሱት የተለየ ነው። እንደ ባቦጋያና ሆራ ያሉት የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳርቻቸው ገደላማ ነው፤ የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባባቸው ትልቅ ወንዝም የለም፤ ጨውነት ያለውን ውሃ ደግሞ እምቦጭ አይወደውም። ይህ ተፈጥሯዊ ጥበቃ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ወደ እነዚህ ሐይቆች አረሙ ሊገባበት የሚችለው ዋነኛው መንገድ ከቆቃ ወይም ከሌላ ውሃ የመጣ ጀልባ፣ መረብ፣ ወይም ለጌጥ ተብሎ በባልዲ የመጣ ተክል ስለሆነ፣ ሆቴሎችና የጀልባ ማኅበራት አዲስ ጀልባ ወደ ውሃው ከመውረዱ በፊት ቢፈትሹት፣ ከእንግዳ መቀበያው ግቢ ኩሬም እምቦጭን ቢያወጡት ሥራው በአንድ ሰው ጉልበት ይጨረሳል፤ ከገባ በኋላ ግን ዘሩ በደለል ውስጥ ስለሚከርም ለ20 ዓመታት ያህል በየበጋው ዳርቻውን እየዞሩ ቡቃያ መልቀም ግድ ይላል።