ወሎ ሲከራከር፦ ከአቦል እስከ በረካ

ወሎ ውስጥ ፖለቲካ በደረቅ ጉሮሮ አይወራም። መጀመሪያ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። "ቡና ጀባ!" ይባላል። አቦሉ እስኪቀዳ ወሬው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነው። ቶናው ላይ ዶላር ይነሳል፣ አሰብ ይነሳል፣ መንግሥት ይነሳል። በረካው ሲቃረብ አንዱ ተቆጥቶ ሊሄድ ይቃጣዋል፤ ግን በረካ ሳይጠጣ ቢወጣ ነውር ስለሆነበት ቁጭ ይላል። ብዙ ጠብ በዚህች ስኒ ምክንያት እንደቀረ አምናለሁ።

ቡና ላይ ያልተቋጨው በርጫ ላይ ይቀጥላል፤ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት፣ ባቲ የሰኞ ገበያ ዳር፣ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሰብሰብ በሚሉበት ጥላ ሥር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስልክ ላይ ገብቷል። ቦታው ይለያይ እንጂ የወሎ ተከራካሪ አንድ ያረጀ ጥያቄ አለው፦ "ማን አየ?" ወሬ ያመጣ ሰው ምንጩን ይጠየቃል። "ሰው ሲል ሰማሁ" ካለ ይሳቅበታል።

አገሩ ለክርክር አዲስ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ያለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ትልቁን የሃይማኖት ጉባኤ አስተናግዳለች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የጠሩት ነው፤ ምኒልክም ነበሩ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት እርስ በርስ ተከራከሩ፣ ተዋሕዶ ረታ። ችግሩ ዳኛው ንጉሥ መሆኑ ነበር። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሸህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው አመፁ። ዛሬ ወሎ ውስጥ አንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ይገኝበታል። ቡና ላይ ሁሉም ነገር ሲነሳ ሃይማኖት ግን በቀልድ ካልሆነ የማይነሳው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያ ጉባኤ ስላስተማረ ነው። አማትህን በሃይማኖቱ ብትረታው ምን ታተርፋለህ?

ሁለተኛው ትልቅ ክርክር በአንዲት ግስ ላይ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን በኩል ማድረግ "ይቻላቸዋል" ይላል። ጣሊያን ግን በራሷ ቋንቋ የተጻፈውን ይዛ ግዴታ ነው አለች። ቢፈልጉ ማለት የግድ ሆነና ነገሩ እስከ ዐድዋ ሄደ። የአምባሰል ሰው እስካሁን ወረቀት ሳይፈርም ሦስቴ ቢያነብ አይፈረድበትም።

የልጅ ኢያሱ ነገር ደግሞ እስካሁን አልበረደም። ደሴ የተወለዱት ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር ያላቸው ቅርበት መኳንንቱን አስቆጣ። ሰለሙ የሚለው ወሬ አዲስ አበባ ገባ። የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚታዩበት ፎቶም አብሮ ተሰራጨ ይባላል። ፎቶው የተቀነባበረ ነበር ወይስ እውነተኛ የሚለው የታሪክ ሰዎችን ዛሬም ያከራክራል። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ወሬና ፎቶ ዘውድ ሲያስወርድ ወሎ ያየው ቲክቶክ ከመምጣቱ መቶ ዓመት በፊት ነው።

የስለላ ወሬም እዚህ ሥር አለው። ከወረራው በፊት ጣሊያን ደሴ ላይ ቆንስላ ነበራት። ቆንስሎቿ መሳፍንቱን እየተወዳጁ መረጃ ይለቅሙ ነበር። በ1920 የተፈረመው የወዳጅነት ውል ደግሞ ከአሰብ እስከ ደሴ መንገድ እንዲሠራ ይላል። ወዳጅነቱ ብዙም አልቆየ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ። "ማን ጠቆመባቸው?" የሚል ተከራካሪ እስካሁን አይጠፋም። መልሱ ግን ያን ያህል አይጠልቅም። የውጭ ጋዜጠኞች ጭምር እዚያው ነበሩ፤ ንጉሡ ደሴ መሆናቸው ምስጢር አልነበረም።

ለሰላይ ያለን ቃል ጆሮ ጠቢ ነው። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ጆሮ ጠቢ ተብሎ የሚጠረጠረው ሰውም ይለወጣል። ያልታወቀ ሰው ደጃፍ ሲረግጥ ስለ ሥልጣን የነበረው ወሬ ወዲያው ስለ ማሽላ ይሆናል። አሁን የሚጠረጠረው ስልክ ነው። አክስቴ ቤት ቶና ላይ ሲደረስ ስልኮች ተሰብስበው ሰፌድ ላይ ይደረጉና ጓዳ ይገባሉ። አክስቴ ምክንያቱን ስትጠየቅ "ሲጮኹ ቡናው ይቀዘቅዛል" ትላለች። ማንም አያምናትም፣ ሁሉም ግን ይሰጣታል።

ኢኮኖሚ ላይ ክርክሩ ይሞቃል፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለው። አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። ከግንቦት 1990ው ጦርነት በፊት ነዳጁም ጭነቱም ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ ሥራው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ስለ ባሕር በር የሚከራከረው ወጣት ካርታ ይዞ ነው፤ አጎቴ ግን የት ጎማ እንደሚፈነዳ ሳይቀር እየቆጠሩ ያወራሉ። ሁለቱ በጭራሽ አይግባቡም።

ሌላው የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ባንኩ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላው ከመቶ አለፈ። ወሎ ውስጥ ይህ ተራ ዜና አይደለም። ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ቤሩት ልጅ የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ልጁ ሪያል የምትልክለት "ተመስገን፣ ከጥቁር ገበያ ተገላገልን" ይላል። ጎኑ የተቀመጠው አስተማሪ ደሞዙ እዚያው ቆሞ ዘይቱ ሲንር እያየ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው መከራከራቸው ግን፣ አንደኛው ስለ ሌላኛው ኪስ እንዲያውቅ ያደርጋል። ስልክ ላይ ይሄ የለም።

ስልኩ ሌላ ጠባይ አመጣ። "ሰበር ዜና"፣ "ውስጥ አዋቂ ምንጮች"፣ ስክሪንሾት፣ ሌሊቱን ሙሉ ላይቭ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴ ተያዘች አልተያዘችም በሚል ሁለቱም ወገን የየራሱን መግለጫ ይሰጥ ነበር። ስልክ ላይ ያለው እየተሰዳደበ ሲከራከር፣ ደሴዎች ልጅ አዝለው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዱ ነበር። በ2015 ክረምት መጨረሻ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወሬው ተመልሶ ቡና ላይ ወደቀ። ያኔ ዘመድ ከውጭ እየደወለ ስለ ሰፈራችን ይነግረን ጀመር! እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከእኛ የተሻለ ያውቅ ነበር።

ወጣቶቹ አንዱን ትልቅ ነገር ከስልኩ ተምረዋል፦ ብሎክ ማድረግ። ቡና ላይ የእህትህን ባል ብሎክ ማድረግ አይቻልም። የከፋ ቂም ከተያያዙ ደግሞ የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉ። ጫትና ቡና ይዘው፣ ዱዓ አድርገው፣ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ሥራቸው ደም ማድረቅ ነው፤ ለፌስቡክ ስድብ ሲጠሩ ገና አላየሁም።

ባለፈው ጊዜ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ሰፌዱ ላይ ሳያደርግ ደብቆ ገባ። ወሬው ልጅ ኢያሱ ላይ ሲደርስ አወጣና ፎቶ አሳየን። ቀለም የተቀባ፣ ጥርት ያለ፣ ጥምጣሙ ሳይቀር የሚያበራ። "ይኸው ማስረጃው" አለ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።

"ማን አነሳው?" አሉ።

ልጁ ወደ ስልኩ አየ። ጣቱን ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች ሳበ።

"አልተጻፈም" አለ።

አጎቴ ስልኩን ተቀብለው ሰፌዱ ላይ አኖሩት። አክስቴ በረካውን ቀዳች።