የጠፋውን ብቻ ማውጣት፦ ከቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ ፋይልና ፎልደር ስለመመለስ

ድሬ ላይ አይቲ ሆነህ ስትሰራ "ሰርቨሩ ሞተ" የሚል ስልክ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፣ "አንድ ፎልደር ጠፋብኝ" የሚለው ግን ማለቂያ የለውም፣ በተለይ ሰኔ ላይ በጀት ሊዘጋ ሲል። ባክአፕ ሲባል ሰው የሚታየው ማሽኑ በሙሉ ተቃጥሎ እንደገና ሲነሳ ነው፣ የሚፈለገው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዲት የኤክሴል ፋይል ናት አቦ። ከቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ ውስጥ ያቺን ፋይል ወይም ያንን ፎልደር ብቻ፣ የሚሰራውን ማሽን ሳትነካ ለይተህ ስታወጣ ፋይል ሌቭል ሪስቶር ይባላል። ቨርቹዋል ማሽን ማለት አንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሰራ፣ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሰራ ማሽን ነው።

ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባሉ መካከለኛ ቢሮዎች የማየው አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰርቨር፣ እሱ ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ሶፍትዌር፣ ሃይፐር ቪ ወይም ቪኤምዌር ወይም አሁን አሁን ፕሮክስሞክስ፣ ይጫንና ውስጡ አራት አምስት ቨርቹዋል ማሽን ይደረደራል፤ አንዱ ለሼር ፎልደር (ሰራተኛው በኔትወርክ ለሚጋራው)፣ አንዱ ለሂሳብ፣ አንዱ ለዩዘር አካውንት፣ አንዱ ደግሞ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ግን ለማጥፋት ሁሉም የሚፈራው። በድሬ ሙቀት አምስት ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ ከማጨቅ አንዱን በኤሲ ማቀዝቀዝ ይሻላል፣ መብራት ሲሄድም ዩፒኤሱ የሚሸከመው አንድ ነው። ሰራተኛው የሚሰራው ሼር ፎልደሩ ላይ ነው፣ ከሼር ላይ የጠፋ ፋይል ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ይሄን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከጠፋበት በኋላ ነው። ባክአፕ ከመክፈትህ በፊት ግን መጀመሪያ ሰርች አድርግ፣ ስንቱ "ጠፋ" የተባለ ፎልደር በማውስ ተጎትቶ ጎረቤቱ ፎልደር ውስጥ ተኝቶ ተገኝቷል።

የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ከውጭ ሲታይ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ሃይፐር ቪ ላይ ቪኤችዲኤክስ፣ ቪኤምዌር ላይ ቪኤምዲኬ። ባክአፕ ሶፍትዌሩ የሚያነሳው ይሄንኑ ነው፣ በብሎክ በብሎክ (ዲስኩ በተከፋፈለባቸው ትንንሽ ቁራጮች)፣ ውስጡ ደሞዝ ይኑር የሰርግ ፎቶ ጉዳዩ አይደለም። መጀመሪያ ሙሉውን ይወስዳል፣ ከዛ በኋላ የተቀየሩትን ብሎኮች ብቻ፤ ቪኤምዌር የተቀየረ ብሎክ የመከታተሉን ነገር እ.ኤ.አ. በ2009 በቪስፌር 4 ነው ያመጣው፣ ሃይፐር ቪ የራሱን በዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ላይ። ፋይል ልታወጣ ስትል ሶፍትዌሩ ሙሉውንና በየቀኑ የተጨመሩትን በመረጥከው ቀን መልክ ይገጣጥምና ልክ እንደ ዲስክ ለሌላ ኮምፒውተር ያሳየዋል፣ ኮምፒውተሩ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍፍል) ያነባል፣ ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙን፣ ኤንቲኤፍኤስም ይሁን ኤክስት 4፣ ከዛ ፎልደሮቹ ይዘረዘሩልሃል። የሰልባጅ ቦንዳ ሳይፈታ ከመሀሉ አንዲት ሸሚዝ እንደመሳብ በለው፣ ልዩነቱ ይሄኛው ቦንዳ ምን የት እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ውስጡ ይዞ መምጣቱ ነው፣ ፋይል ሲስተም ማለት እሱ ነው። ቀሪው ዳታ ከቦታው አይነሳም፣ የተጠየቁት ብሎኮች ብቻ ይነበባሉ። ግን ከሰንሰለቱ መሀል አንድ የቀን ኢንክሪመንታል (የተቀየረውን ብቻ የያዘው) ከተበላሸ ከሱ በኋላ ያሉትም አብረው ይሄዳሉ፣ እስከሚቀጥለው ሙሉ ባክአፕ ድረስ።

ለምን ሙሉ ማሽኑን አንመልስም የሚል አለቃ አይጠፋም። 500 ጊጋ ዲስክ በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ምንም ሳይስተጓጎል ቢሄድ ራሱ ከ1 ሰዓት በላይ ነው፣ መሀል ላይ አሮጌ የ100 ሜጋቢት ስዊች ካለ ደግሞ ከ11 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ቀኑ አለቀ። ከሰዓቱ የሚብሰው ግን ማሽኑን ወደ ትናንት ሌሊት ስትመልሰው ሌላው ሰራተኛ ሁሉ ዛሬ የሰራውን ይዞበት መሄዱ ነው። ለአንድ ሰው ፋይል ብለህ የሃያ ሰው ውሎ ማጥፋት ማለት ነው።

መሳሪያው በየቤቱ ይለያያል። ሃይፐር ቪ ያለው ሰው ባክአፑ የቪኤችዲኤክስ ኮፒ ከሆነ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ደብል ክሊክ ማድረግ ነው፣ እንደ ፍላሽ አዲስ ድራይቭ ሆኖ ይመጣል። እዚህ ላይ ግን አስምሩበት፣ ሁሌም ኮፒው ላይ ሁሌም ሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ)፤ ቼክፖይንት (ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበትን መልክ ይዞ የሚያቆይ) ያለው ማሽን ከሆነ ዋናውን ቪኤችዲኤክስ ለመጻፍ በሚፈቅድ ሁኔታ ከፍተህ አንዲት ነገር ከተቀየረች ከሱ ላይ የተንጠለጠለው ሰንሰለት ይበላሻል፣ የጠፋው አንድ ፎልደር ነበር አሁን ማሽኑ ሆነ ማለት ነው። ፓወርሼል (የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ) ላይ ማውንት ቪኤችዲ ብለህ ሪድ ኦንሊ ብትጨምርበት ሰላም ታድራለህ። ቪም (Veeam) የሚባለውን ባክአፕ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሪስቶር ፖይንቱን (የሚመለስበትን ቀን) መርጦ ኤክስፕሎረር በሚመስል መስኮት ውስጥ ፎልደሩን ይፈልጋል፣ ነፃው ኮሚዩኒቲ እትም እስከ 10 ማሽን ይችላል፣ ለትንሽ ቢሮ ይበቃል። የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው፣ በዓመቱ ነጠላ ፋይል ማውጣት ተጨመረለት፣ ከጀርባ አንዲት ትንሽዬ ቨርቹዋል ማሽን አስነስቶ ዲስኩን እሷ ታነብለታለች፣ አንተ ብሮውዘር ላይ ፎልደሩን መርጠህ ዳውንሎድ ነው። ሊኑክስ የሚወድ ደግሞ ገስትማውንት የሚባል ትዕዛዝ አለለት፣ የብዙውን ዓይነት ዲስክ ይከፍታል፣ ትዕግስት ካለህ።

የማይከፈትበት ጊዜም አለ። ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ቁልፉ ከሌለህ ባክአፑን ይዘህ ትቀመጣለህ። ዊንዶውስ ላይ ዲዱፕሊኬሽን (ተመሳሳይ ዳታን አንዴ ብቻ የሚያስቀምጥ ፊቸር) ተከፍቶ ከሆነ ፋይሎቹ በስም ይታያሉ ስትከፍታቸው ግን እምቢ ይላሉ፣ የሚከፍተው ኮምፒውተር ላይም ያው ፊቸር መጫን አለበት። ሊኑክስ ላይ ኤልቪኤም (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያሳይ) በሁለት ዲስክ ተዘርግቶ ከሆነ አንዱን ብቻ አውጥቶ ማንበብ አይሰራም፣ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ደግሞ ዋናው በተከፈተበት ማሽን ላይ ኮፒውን ለመክፈት ስትሞክር መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ይጣላሉ፣ ኖ ዩዩአይዲ የሚለውን ኦፕሽን ካላስገባህ አይከፍትም።

የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ለብቻው ወሬ ይገባዋል፣ እዚህ አገር ስንቱ የሂሳብ ክፍል የሚኖረው በሱ ነው፣ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ስንት ዓመቱ እኛ ግን ፒችትሪ እንላለን። የአንድ ድርጅት ሂሳብ አንድ ፋይል አይደለም፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ተደርድረው እርስ በርስ የሚጠቃቀሱ ብዙ የዳታ ፋይሎች ናቸው። "የደንበኞች ዝርዝር ተበላሸብኝ" ስትባል እሷን ፋይል ብቻ ከትናንት አምጥተህ ከዛሬዎቹ ጋር ብትቀላቅል ሂሳቡ ይፋለሳል፣ ፎልደሩን እንዳለ ነው ማምጣት። ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ይውጣ፣ ያለውን ፎልደር ስሙን ቀይረህ አስቀምጥ እንጂ አታጥፋ፣ ከዛ የድሮውን በቦታው አድርግ። ባክአፑ ሲወሰድ ሰው እየመዘገበ ከነበረ ፋይሎቹ ግማሽ መንገድ ላይ የተያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለዛ ነው ባክአፕ ሌሊት የሚሰራው።

ሌሊት ካልን ደግሞ እኛ ጋ ብቻ ያለ ጣጣ አለ። አንዷ የሂሳብ ባለሙያ ትደውላለች፣ "ሰኔ 12 ከሰዓት አስተካክዬው ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት አጥፍቼዋለሁ፣ የሰኔ 12 ሌሊቱን አምጣልኝ" ትላለች። ሰኔ 12 በፈረንጅ ጁን 19 ነው፣ ባክአፑ የሚሰራው ሌሊት 8 ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ 2 ሰዓት ኤኤም ይለዋል። አዲሱ ልጅ ዝርዝሩ ላይ ጁን 19 ሌሊት የሚለውን ይመርጣል፣ ይከፍታል፣ ፋይሉ አለ ግን ማስተካከያው የለም፣ "ባክአፑ አይሰራም" ተባለ። ኮምፒውተር ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው፣ የኛ ሰው አፍ ላይ ግን የሰኔ 12 ሌሊት ማለት ሰኔ 12 መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ እሷ የፈለገችው ጁን 20 ላይ ነው ያለው። አባቶች ለዚህ ጥሩ ቃል ነበራቸው፣ "ለሰኔ 13 አጥቢያ" ብትላቸው ይገባቸዋል። እኔ አሁን ስልክ ሳነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው "ለስንት አጥቢያ?" ነው፣ ይስቃሉ፣ ግን መልሱ ትክክል ይሆናል።

የወጣው ፋይል የት ይቀመጥ? በዋናው ላይ ደርበህ አትገልብጥ፣ አጠገቡ "የተመለሰ" የሚል ፎልደር ከፍተህ ባለቤቱ ራሱ አይቶ ይምረጥ። ፐርሚሽን (ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው) ደግሞ በተራ ኮፒ አብሮ አይመጣም፣ አዲስ የተገለበጠ ፋይል የሚይዘው የሄደበትን ፎልደር ፐርሚሽን ነው፣ ስለዚ የሰው ሃይል ፎልደር ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ከተገለበጠ እስከ ምሳ ሰዓት የሁሉም ደሞዝ ካፌ ላይ ይወራል። ሮቦኮፒ የሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ኮፒ ኦል (/COPYALL) የሚለው ኦፕሽን ከተጨመረበት ከነፐርሚሽኑ ይወስደዋል። ባክአፕ መክፈት የሚችል ሰው የማንንም ፎልደር ማየት እንደሚችልም አትርሱ፣ ጥያቄው ከፎልደሩ ባለቤት መምጣት አለበት፣ "እስቲ የእሱን አሳየኝ" ለሚል አይከፈትም።

አንድ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር፣ የተመለሰው የወርድ ፋይል ሲከፈት የተዝረከረከ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ባክአፑ ተበላሸ ብላችሁ አትሩጡ፣ በድሮ ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ዩኒኮድ ባልሆነ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ይሆናል፣ የከፈታችሁበት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ የለም ማለት ነው። ፎንቱን ጫኑ፣ ደብዳቤው ይመጣል።

ባክአፑ የሚቀመጥበት ቦታ ለብቻው ብዙ ያስወራል። ስናፕሾት (ሃይፐር ቪ ቼክፖይንት የሚለው) ባክአፕ አይደለም፣ እዛው ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ሰርቨርን ምድር ቤት፣ ባክአፑን ደግሞ አጠገቡ ሲያይ ዝም ማለት የለበትም። ሐረር ቅርንጫፍ ያለው ሁለተኛውን ኮፒ እዛ ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ከፍታም አለው ሙቀቱም ይሻላል፣ ኢንተርኔቱ ካልቻለ ሃርድ ዲስክ በመኪና ቢሄድም ያው ባክአፕ ነው። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ለሚፈራ ደግሞ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ዲስክ የሚያህል የለም።

እኔ የተማርኩት ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ባክአፑ በየጠዋቱ አረንጓዴ ይበራል፣ ሪፖርቱ ላይ ሰክሰስ፣ ወራት እንዲሁ ሄደ፣ ማናችንም አንድም ፋይል አውጥተን አልሞከርንም። የጨረታ ፎልደር ሲጠፋ ተረጋግቼ ከፈትኩት፣ ሲ ድራይቭ አለ፣ ዲ የለም። ለካ ማሽኑ ላይ ቦታ ሲጠብ አንድ ሰው ሁለተኛ ዲስክ በፓስ ስሩ (የሰርቨሩን ዲስክ እንዳለ በቀጥታ ለማሽኑ በመስጠት) አድርጎ ጨምሮለት ነበር፣ እንዲህ ያለውን ዲስክ ደግሞ የሃይፐር ቪ የማሽን ባክአፕ አይወስደውም፣ ዳታው በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነበር። በመጨረሻ ከግዢ ክፍል አንዷ ልጅ ፍላሽ ላይ የሦስት ወር ኮፒ ተገኘ፣ የቀረውን ከወረቀት እያየን ስንመታ ከረምን። ከዛ ወዲህ በየወሩ የአንድ ሰው ፎልደር በዕጣ አወጣለሁ፣ ከዲ ላይ፣ ፋይሉን ከፍቼ አንብቤ ነው የምዘጋው።