በአሜሪካ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች የማደል ሥልጣናቸው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ከመደበኛው የነርስነት ትምህርት አልፎ በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሠለጠነ፣ ሕሙማንን መርምሮ የሚያክም ባለሙያ ነው። ይህ ባለሙያ እንደ ኦክሲኮዶን (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ወይም ዲያዜፓም (የጭንቀት ማረጋጊያ) ያለ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ከክሊኒኩ ክምችት አውጥቶ ለታካሚው በእጁ ሲሰጥ፣ ማለትም ሲያድል፣ የክፍለ ግዛቱም የፌዴራሉም ሕግ ይመለከተዋል።

ቀዳሚው የክፍለ ግዛቱ ነው። ዲኢኤ በመባል የሚታወቀው የፌዴራል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚመዘግበው ክፍለ ግዛቱ የፈቀደለትን ሰው ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም ሥልጣን ከዚያ ፈቃድ አያልፍም። አንዳንዱ ክፍለ ግዛት ከሐኪም ጋር የተፈረመ የትብብር ስምምነት ይጠይቃል፣ ሌላው አይጠይቅም። ማዘዝ የተፈቀደለት ሁሉ ማደል ተፈቅዶለታል ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ እነዚህን መድኃኒቶች በአምስት ምድቦች ከፍሏቸዋል። በመጀመሪያው ምድብ ያሉት ተቀባይነት ያለው የሕክምና አገልግሎት ስለሌላቸው ለታካሚ አይታዘዙም። ለነርስ ፕራክቲሽነር የሚሰጠው የዲኢኤ ቁጥር «ኤም» በተባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ምዝገባው በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ከሰኔ 2023 ወዲህ ደግሞ አመልካቹ ስለ ሱስ ሕክምና የ8 ሰዓት ሥልጠና መውሰዱን አንድ ጊዜ ማረጋገጥ አለበት።

ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ በሁለት ክሊኒኮች የሚሠራ ባለሙያ በሁለተኛው ክሊኒክ የሚያዝ ብቻ ከሆነ አንድ ምዝገባ ይበቃዋል፤ እዚያም ክምችት ይዞ የሚያድል ከሆነ ግን ለዚያ አድራሻ ሌላ ምዝገባ ማውጣት ይኖርበታል። እንደ ኦክሲኮዶን ያለ የሁለተኛው ምድብ መድኃኒት የሚገዛው ቅጽ 222 በተባለው ልዩ የግዥ ማዘዣ ወይም በኤሌክትሮኒክ አቻው ሲሆን መዝገቡም ከሌሎቹ ተለይቶ ይያዛል። ክምችቱ በጠንካራ ቁም ሣጥን ይቆለፋል፣ ቢያንስ በየ2 ዓመቱ ይቆጠራል፤ የገባውና የወጣው የተመዘገበበት ሰነድም ቢያንስ ለ2 ዓመት ይቀመጣል። ስርቆት ወይም ከፍተኛ ጉድለት ከተገኘ፣ በታወቀ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ለዲኢኤ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ክምችቱን በየዕለቱ የምትይዘው ሌላ ሠራተኛ ብትሆንም ተጠያቂው ምዝገባው በስሙ ያለው ባለሙያ ነው።