«ጉጉት ወደ አቴንስ» ምን ማለት ነው?

የጥንት ግሪኮች ሞልቶ ወደተረፈበት ቦታ ያንኑ ነገር ይዞ የሚሄድ ሰው ሲያዩ «ጉጉት ወደ አቴንስ ወሰደ» ይሉ ነበር። የእኛው «ለቀባሪው አረዱት» ቅርብ ዘመዱ ነው። የእኛ ለወሬ ነው፣ የእነሱ ግን ለዕቃም ይሆናል።

ለምን ጉጉት? እኛ ጋ ጉጉት በሌሊት ስትጮህ ሰው ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ይሰጋል። ለአቴንስ ሰዎች ግን የከተማዋ ጠባቂ የሚሏት ሴት አምላክ፣ የአቴና ወፍ ነበረች። የብር ገንዘባቸው በአንድ ገጹ የአቴናን ራስ፣ በሌላው ጉጉት ይዞ ነበር የሚመታው። ሰዉም ሳንቲሙን ራሱን «ጉጉት» ይለው ነበር። ብሩ የሚቆፈረው እዚያው አገራቸው፣ ላውሪዮን ነበር። ታዲያ አቴንስ ምን ጉጉት ይጎድላታል?

አባባሉን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ414 በቀረበው የአሪስቶፋነስ ተውኔት፣ «ወፎቹ» ውስጥ እናገኘዋለን። ጉጉት ብቅ ስትል አንዱ «ጉጉት ወደ አቴንስ ማን አመጣ?» ይላል። እኔ በጣም የምወደው ግን ቆየት ብሎ የሚመጣውን ነው። ወፎቹ የተውኔት ውድድሩን ዳኞች «እኛን ካስበለጣችሁ የላውሪዮን ጉጉቶች ቤታችሁ ይገባሉ፤ ቦርሳችሁ ውስጥ ጎጆ ሠርተው ዝርዝር ሳንቲም ይፈለፍሉላችኋል» ይሏቸዋል።

የተለመደችው የጉጉት ሳንቲም አራት ድራክማ (የግሪኮች የብር ገንዘብ) ነበረች፣ 17 ግራም ገደማ። ሉቃስ 15 ላይ ሴትዮዋ የጠፋባት «ድሪም» በግሪኩ ይኸው ድራክማ ነው። አንድ ድራክማ ሲዘረዘር ስድስት ኦቦል ይሆናል። ኦቦል 0.7 ግራም ያህል የምትመዝን ሚጢጢ ብር ናት። እጅ ላይ የማትያዝ ስለሆነች ሰዎች ገበያ ሲወጡ አፋቸው ውስጥ ይይዟት ነበር። በሌላ የአሪስቶፋነስ ተውኔት አንድ ሽማግሌ በኦቦል ፈንታ ሦስት የዓሣ ቅርፊት ይሰጡታል። ሳያይ አፉ ከተታቸው። ሽታው ሲመጣበት እንትፍ አለ። ገንዘቧ የቅርፊት ያህል ትንሽ ባትሆን እንዲህ አይሸወድም ነበር።

ጀርመኖች አባባሉን ዛሬም ይጠቀሙበታል። ጉጉቷም ከገበያ አልጠፋችም፤ የግሪክን የ1 ዩሮ ሳንቲም ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት።